ቀይ ዘርፍ ያለው ገሳ

እርጥብ ገሳ የሚሸተው እንደ ረግረግ ነው። ሣር፣ ጭቃ፣ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ የከብት ሽታ። ባለፈው ሳምንት ከእንጅባራ ስንነሣ፣ ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል አንዲት ሴት ገሳዋን ጠቅልላ ገባችና ከፊታችን ተቀመጠች። ውኃው ከሣሩ ጫፍ ጠብ ጠብ እያለ ጫማሽ ላይ ወረደ። አንቺ እግርሽን ሰብሰብ አድርገሽ ሳቅሽ። እኔ በዚያ ብርድ መስኮቱን ከፈትሁ። ረዳቱ "ኧረ እህቴ ዝጊው፣ ሰው በብርድ ፈጀሽ እኮ!" ሲል ሰምቼዋለሁ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ።

"ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ ዐመድ መሰለ" አልሽኝ።

"ምንም" አልሁሽ።

አንድ ነገር ለመናገር ጊዜ የሚፈጅብኝ ሰው እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን ልንገርሽ።

አንቺ ቆላ ያደግሽ ነሽና ገሳን እንደኛ አታውቂው ይሆናል። ከረጅም የረግረግ ሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ ነው። ራስ ላይ ይደፋና ጀርባን ሸፍኖ ወደ ታች ይወርዳል። እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲመጣ ቶሎ አይሄድም፤ በዚያ ወቅት የአዘና ገበያ የሚራመድ የሣር ክምር ይመስላል። ፊት አይታይም። ከኋላ ያየሻት ሴት እናትሽ ትሁን ጎረቤትሽ መለየት አትችዪም። ልጅ ሳለሁ ይህ ነገሩ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ባያት ቁጥር ልቧ ለሚመታ ልጅ ከገሳ የተሻለ ቤት አልነበረም።

የአክስቴ ገሳ ግን ከሩቅ ይለይ ነበር። አክስቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ አዘና ውስጥ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። አባቴ የሞተው እኔ ሳላውቀው ነው፤ ስለዚህ ቤታችን የሦስታችን ነበር፤ የእናቴ፣ የአክስቴና የእኔ። ከትምህርት ቤቱ ማዶ የሚኖሩ ልጆች ወደ ቤታቸው ለመሄድ ወንዝ ይሻገራሉ። በጋ ላይ ድንጋይ ለድንጋይ የሚዘለል ወንዝ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ግን ቡናማ ሆኖ ይጮኻል። አክስቴ በዚያ ወር ከትምህርት በኋላ ልጆቹን አሰልፋ ወደ ላይ፣ ድልድዩ ድረስ ትወስዳቸው ነበር። ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት የሣር ክምር ስለሚሆን፣ ከአያቴ ፈረስ ጌጥ ላይ ቀይ የሱፍ ዘርፍ ቆርጣ ገሳዋ ጀርባ ላይ ሰፋችው። "ቀዩን እያያችሁ ተከተሉኝ" ትላቸዋለች። እኔም ተሰልፌ አውቃለሁ፤ የእኛ ቤት ከወንዙ ወዲህ ነው፣ ግን ከእሷ መለየት አልፈልግም ነበር። በግራጫው መሐል ያ ቀይ ነገር ከፍ ዝቅ እያለ ሲሄድ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ይታየኛል።

ሦስተኛ ክፍል እሷ ነበረች ያስተማረችኝ። ጠዋት ጠዋት ስም ትጠራለች። የልጁን ስም ለዘብ አድርጋ ትልና የአባቱ ስም መጨረሻ ላይ ድምጿን ታነሣዋለች፤ እንደ ጥያቄ። የእኔ ስም ከፊደል ገበታው ታች ስለሆነ ተራዬ እስኪደርስ ከ"ሀ" ጀምሮ እጄ ያልበኛል። ከፍርሃቴ ብዛት ከእኔ በፊት ያሉትን ስሞች በሙሉ እንደ ዳዊት ሸመደድኋቸው። ተራዬ ሲደርስ "አለሁ" እላለሁ፤ ከንፈሬ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አክስቴ እያየችኝ፣ ቤት አብራኝ አድራ፣ ቁርሴን አብልታኝ፣ እንዳለሁ አላመነችም። ቀና ብላ ትጠብቃለች።

"ድምፅሽን" ትለኛለች። ድምፄን እስክትሰማ አታልፈኝም ነበር።

ሕመሙ የጀመራት እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣች። ቀጥሎ፣ ወንዙ ልጆች እንደወሰደባት መናገር ጀመረች። ማንም ልጅ አልተወሰደም፤ እሷ ባሻገረችባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ልጅ እግሩ እንኳን አልተሸራተተ። እሷ ግን ድምፃቸውን እሰማለሁ አለች። ሰሃን እያጠበች በድንገት እጇን ከውኃው ታወጣና ጆሮዋን ወደ በሩ ታዘነብላለች። እናቴ በአገውኛ ቀስ ብላ ታባብላታለች፤ እናቴ የምትፈራ ጊዜ አማርኛው ይጠፋባት ነበር። ጠበል ወሰደቻት። የሚያጠምቁት አባት ራሳቸው ውለው አድረው "ሐኪምም ይያት ልጄ፣ አንዱ አንዱን አይከለክልም" አሏት። እናቴ "እሺ" ብላ መጣችና ነገ ዛሬ ስትል ሳምንታት ሄዱ። ሐኪም ቤት መሄድ ማለት ከተማው ሁሉ ማወቁ ነው ብላ ትፈራ ነበር መሰለኝ። ከተማው ግን ቀድሞ ዐወቀ።

ገበያ ቀን አክስቴ ሰዉ መሐል ትቆምና ስም ትጠራ ጀመር። መዝገብ የለም፣ ደብተር የለም፤ ሁሉም በጭንቅላቷ ነው። ያስተማረቻቸውን ልጆች አንድ በአንድ፣ ያንኑ የመጨረሻውን ድምፅ እያነሣች። ከጠራች በኋላ ትጠብቃለች። መልስ ሲጠፋ ፊቷ ይጨማደዳል።

መጀመሪያ ሰው አዘነ። "ምን አገኛት? እንዲያ ያለች አስተማሪ!" ይባል ነበር። ሐዘን ግን ገበያ ላይ ብዙ አይቆይም። አንድ ቀን አንድ ወጣት፣ የተጠራው እሱ ሳይሆን፣ እጁን አውጥቶ "አለሁ ቲቸር!" አለ። ሰው ሳቀ። የአክስቴ ፊት ግን በራ። ይህን ነው ለማስረዳት የሚከብደኝ፤ እነሱ ሲያላግጡባት እሷ አንድ ልጅ ከወንዝ እንደወጣላት ነበር የምትቆጥረው።

ያ ወጣት ባጃጅ ይነዳ ነበር። እሱም ተማሪዋ ነበረ፣ ከእኔ በብዙ ክፍል ቀድሞ። ከተማው ውስጥ የእሱን ያህል የሚያስቅ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔንም ከዚያ በፊት አስቆኝ ያውቃል። ገበያ ቀን ባጃጁን ያቆምና ጓደኞቹን ይሰበስባል።

"ቲቸር! አቴንዳንስ!"

"ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልውጣ?"

"ቲቸር፣ እሱ ነው የመታኝ!"

"ዝም በሉ እናንተ፣ የቀረ ወላጅ ያመጣል!"

አክስቴ ሁሉንም ትመልሳለች። "ቁጭ በል"፣ "በኋላ ትወጣለህ"። እነሱ በሳቅ እየተንፈራፈሩ ስልካቸውን ያነሣሉ። እኔ ከዳር፣ ከጌሾ ሻጯ ክምር ጀርባ ቆሜ እሷን ወደ ቤት የምወስድበትን ቀዳዳ እጠብቃለሁ። ጌሾ ሻጯ ጎረቤታችን ናቸው፣ ያኔም አሮጊት ነበሩ። "እናንት ልጆች፣ እግዜር ይይላችሁ!" ይሏቸዋል። ማንም አይሰማቸውም።

አንድ ገበያ ቀን ቀልዱ ጣዕሙ አለቀ መሰለኝ። አክስቴ አንድ ስም ጠራች፤ ከኋላ ያለ ሰው "እሱማ የለም ቲቸር! ወንዝ ወሰደው!" ብሎ ጮኸ።

አክስቴ አልጮኸችም። ነጠላዋ ወደቀ፣ ሮጠች። ወንዙ የሰኔ ወንዝ ነበር። እስከ ወገቧ ገብታ ውኃውን በእጆቿ ስትፈልግ፣ ፈረስ ሊያጠጡ የመጡ ገበሬዎች ልጓም ወርውረው አወጧት። ዳር ላይ ሰው ተደርድሮ ነበር። አንዳንዱ ስልኩን አላወረደም። ባጃጅ ነጂው ከንፈሩ ነጥቶ "ቀልድ እኮ ነው... ቀልድ እኮ ነው" ይላል፤ ለማን እንደሚል አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ሳቅ በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው በሩን ነበር። አክስቴ ውስጥ ናት? በሩ ተቀርቅሯል? ሁለተኛ ያን ቃል ከሰማች፣ የሚያወጣት ሰው ላይኖር ይችላል።

እናቴ በዚያው ቆረጠች። እንጅባራ ሐኪም ቤት የአእምሮ ሐኪሙ የሚገኘው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ያም ቀን የእኛው ገበያ ቀን ሆነ። መናኸሪያው ደግሞ ከገበያው ወዲያ ነው። በገበያው ሳያልፉ ሚኒባስ የለም።

በዚያ ጠዋት ዝናብ ነበር። እናቴ ዝናቡን አይታ ተመስገን ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "ገሳ ውስጥ ማን ያውቃታል?" አለች። የራሷን ገሳ ለአክስቴ አለበሰቻት፤ ለራሷ ከጌሾ ሻጯ ቤት ተዋሰች። ለእኔ የተረፈው የአክስቴ ነበር። ቁመቴ ያኔ ድንገት ተመዞ ስለነበር ልክ ሆነኝ።

"እኛ ቀደም እንላለን። አንቺ አገልግሉን ይዘሽ ራቅ ብለሽ ተከተይን፤ ሦስታችን አብረን ከታየን ይለዩናል። መናኸሪያ ስትደርሺ ስንቁን ሰጥተሽን ትመለሻለሽ። እንዳትሮጪ!"

"እሺ እማ።"

ዘርፉን ማናችንም አላሰብነውም። ያ ገሳ ዓመቱን ሙሉ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ስናየው ኖረናል፤ ሁልጊዜ የምታዪው ነገር ከጊዜ በኋላ አይታይሽም። ጀርባዬ ላይ ቀይ ነገር ተሸክሜ መውጣቴን ከቤት ማንም አልነገረኝም።

አክስቴ ደፍ ላይ መቃኑን ይዛ ቀረች። "ይስቃሉ" አለች። እናቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከእንጨቱ አላቀቀቻቸውና ወጡ።

አገልግሉ ውስጥ ቅቅል ድንች ነበር፤ ሙቀቱ በቆዳው አልፎ ሆዴን ያሞቀኛል። ዝናቡ ገሳው ላይ ሲወርድ ጆሮ ውስጥ እንደ ቆሎ ይንጣጣል። ሁለቱን ከፊቴ አያቸዋለሁ፤ ከዚያ ሌሎች ገሳዎች መሐል ገቡ፤ ከዚያ የትኞቹ እንደሆኑ የማውቀው እናቴ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ስለምትሄድ ብቻ ነበር። ጌሾ ሻጯን አለፍሁ። ጨው ተራን አለፍሁ። መናኸሪያው መግቢያ ላይ ደርሰው ነበር። ልቤ መረጋጋት ጀመረ።

"ቲቸር!"

አዩዋት ብዬ ወደ ፊት ተመለከትሁ። ወደ እነሱ ዞሮ የሚያይ ሰው ግን አልነበረም።

"ቲቸር! ኧረ ቲቸር! ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?"

ድምፁ የሚመጣው ከኋላዬ ነው። አንድ ጓል ጭቃ ጀርባዬ ላይ፣ ሁለቱ ትከሻዎቼ መሐል አረፈ። እዚያ ምን እንደተሰፋ ያኔ ትዝ አለኝ።

ገሳውን አውልቄ "እኔ ነኝ" ማለት እችል ነበር። የሚጮኹት እሷ መስያቸው ነው፤ እሷ አለመሆኔን ሲያዩ ደግሞ የት ናት ብለው ዙሪያውን ይቃኛሉ፤ እሷ ደግሞ እዚያው፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ ናት። ሚኒባስ ሰው ካልሞላ አይነሣም። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን አክስቴ ቆማ ነበር። "ቲቸር" ተብላ ተጠርታ ዞራ ያላየችበት ቀን የለም። እናቴ እጇን ስትስብ፣ ያ ገሳ ቀስ እያለ ወደ እኛ ሲዞር አየሁ።

አሰብሁ ብልሽ ውሸት ነው። ያሰበው እግሬ ነው። ወደ ግራ፣ ፈረስ ወደሚሸጥበት ሜዳ ታጠፍሁ። እነሱም ተከተሉኝ።

ፈረሶቹ ጋ ከበቡኝ። ከገሳው ሥር የሚታየኝ እግር ብቻ ነበር። ቦት ጫማ፣ ኮንጎ ጫማ፣ ባዶ እግር፣ የፈረስ ኮቴ። ከርጥብ ፈረስ የሚነሣው ትኩስ እንፋሎት አፍንጫዬን ይሞላዋል። ባጃጅ ነጂውን በቢጫ ቦት ጫማው ዐወቅሁት፤ ከሁሉ ፊት ቆሟል።

"አቴንዳንስ! አቴንዳንስ!" በጭብጨባ ይላሉ።

"ዛሬ ዝም አለች እኮ!"

"አድማ ላይ ናት በላ!"

"ጨርቋን ሳትጥል ቅረጻት አንተ፣ ስልክህን አውጣ!"

አንድ ዱላ መጣና የገሳውን ጠርዝ ከእግሬ ወደ ላይ ማንሣት ጀመረ። ከመናኸሪያው የረዳቱ ድምፅ በዝናቡ ውስጥ ይሰማኛል፤ "እንጅባራ! እንጅባራ! የቀረ ሦስት ሰው!"

ዝም ካልሁ ገሳውን ሊያነሡት ነው።

ስም መጥራት ጀመርሁ።

ክፍል ውስጥ ቆማ ከንፈሯን ብቻ የምታንቀሳቅስ ልጅ ነበርሁ። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ከ"ሀ" የሚጀምረውን የመጀመሪያውን ስም ጠራሁ፤ የአባቱ ስም ላይ ድምፄን አነሣሁት። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። የአክስቴ ነበር። እንደዚያ ያስፈራኝ ነገር በሕይወቴ የለም፤ ከዱላው ይልቅ፣ ከጭቃው ይልቅ፣ ያ ድምፅ ከእኔ ጉሮሮ መውጣቱ።

"አለሁ ቲቸር!" ሳቅ።

ሁለተኛውን ጠራሁ። "አለሁ!" ሦስተኛውን። አንዱ እንደ ፍየል ጮኾ መለሰ። የዚያን ክፍል ልጆች በሙሉ፣ አጠገቤ ትቀመጥ የነበረችውን፣ እርሳሴን የሚወስድብኝን፣ በተራቸው ጠራኋቸው። ስሞቹን ላንቺም አልነግርሽም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ። ዱላው ወረደ። "የቀረ ሁለት ሰው!" አለ ረዳቱ። እግሬ ሥር ውኃ ይሄዳል። ድንቹ በረደ። ስሞቹ ወደ ፊደሉ ግርጌ ሲቃረቡ ሌላ ለመጨመር ሞከርሁ፣ ግን ከጭንቅላቴ ሌላ ስም ጠፋ። "የቀረ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!"

ከዚያ የቀረው የእኔ ስም ነበር። ጠራሁት።

ማንም መልስ አልሰጠም። ምናልባት ሰልችቷቸው ይሆናል፣ ምናልባት ስሙን ለይተውት። እኔም እንደ እሷ ቆሜ ጠበቅሁ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

"ወንዝ ወሰዳት!" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ሳቃቸው እንደ ውኃ በላዬ ሄደ። ሞኝነት ነው፤ ግን ለአንድ አፍታ እውነት መሰለኝ። ስሜ ተጠርቶ አልመለስሁም፤ ምናልባት የለሁም።

"አለች!"

የጌሾ ሻጯ ድምፅ ነበር። ጌሾአቸውን ለዝናቡ ጥለው ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡ። "አለች ብያለሁ! እዚሁ አለች! ምን ያስቃችኋል? የማን ልጅ ብትሆኑ ነው እናንተ!"

በዚያው ቅጽበት የሚኒባሱ ጥሩምባ ጮኸ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ማርሽ እየቀየረ ሲርቅ ሰማሁ። ሁለቱ ሄዱልኝ።

ቢጫው ቦት ጫማ ወደ እኔ ቀረበ። "ቲቸር" አለ ባጃጅ ነጂው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ቀልድም እንደ ቅሬታም፤ "የእኔን ስም እኮ አልጠራሽም።" እሱ የእኔ ክፍል አልነበረም። አክስቴ ግን፣ ኋላ እንዳስታወስሁት፣ አንድም ቀን እሱን ሳትጠራ ቀርታ አታውቅም። ጎንበስ ብሎ ከገሳው ሥር አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። የዐይኑ ሽፋሽፍት ላይ ውኃ ተንጠልጥሎ ነበር። ቀና አለና ገሳውን እንደነበረ ሊያስተካክለው እጁን ሲዘረጋ፣ ሌላ ሰው ከኋላ ዘርፉን ይዞ ገሳውን ከላዬ ገፈፈው።

ከዚያ አንዲት የሴት ድምፅ፦ "ውይ! የእህቷ ልጅ ናት!"

ሌላው ቀጠለ፤ "ዘር ነዋ! ይችንም ጀመራት!"

ከሁሉ የበለጠው ሳቅ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጌሾ ሻጯ ዘርፉ የተገነጠለውን ገሳ ከጭቃው አንሥተው፣ እኔን ጋቢያቸው ውስጥ ከተውኝ ስወጣ እንኳን ከኋላ "ጀመራት! ጀመራት!" ይሉ ነበር። አገልግሉ ተገልብጦ ድንቹ በኮቴና በጫማ ሥር ሲፈርስ አየሁ።

እናቴ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ብቻዋን ተመለሰች። አክስቴን ሐኪም ቤት አስተኝተዋት ነበር። ገና ከበሩ "ስንቁን የት ጣልሽው? እህል ሳንቀምስ ዋልን እኮ!" አለችኝ። ከዚያ ፀጉሬ ላይ የደረቀውን ጭቃ አየች። ጌሾ ሻጯ ቀድመው ሊነግሯት ፈልገው መንገድ ላይ ተላልፈው ኖሯል፤ ተከትለዋት ገቡና ሁሉንም ነገሯት። እናቴ ውኃ አሞቀች፤ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ታጥበኝ ጀመር።

"ድምጿ ቁርጥ እሷን" አሉ ጌሾ ሻጯ፤ ማድነቃቸው ነበር።

የእናቴ ጣቶች ፀጉሬ ውስጥ ቆሙ። ብዙም አልቆሙም። ግን የቆሙበትን ምክንያት ዐወቅሁት፤ "ጀመራት" የሚለው ቃል እሷም ውስጥ ገብቷል። እኔ ልጅ ነበርሁና እናቴ የማትፈራው አንድ ነገር ቢኖር እኔን ነው ብዬ አምን ነበር። ከዚያ በኋላ ጣቶቿ እንደገና ጀመሩ፣ ከበፊቱ ቀስ ብለው።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ስጠብቅ ኖርሁ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ድምፄን አውጥቼ ማጥናት አልችልም ነበር፤ የዶርም ልጆች ይሰሙኛል ብዬ አይደለም፣ እኔ እሰማዋለሁ ብዬ ነው። አንድ ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ሊጀምረኝ ነው እላለሁ። ወንዝ ዳር ስሄድ ጆሮዬን እሸፍናለሁ። መጻሕፍቱን አንብቤአለሁ፤ የሚሉትን ዐውቃለሁ፤ የእህት ልጅ መሆን ፍርድ አይደለም። ፍርሃት ግን ማንበብ አይችልም። ቢሮአችን ውስጥ ልጆቹ መንገድ ላይ የሚጨፍር የታመመ ሰው ቪዲዮ ከፍተው "ነይ እዪው!" ሲሉኝ ለምን እንደምወጣ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ። የማየው ጨፋሪውን አይደለም። የከበቡትን እግሮች ነው።

አክስቴ የተመለሰችው የክረምቱ ዝናብ ካቆመ በኋላ ነው። መድኃኒቱ አረጋግቷት ነበር። እንቅልፍ ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ወንዙን አትሰማም። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ምላሷ ከበድ ብሏል፤ ወደ ማስተማሩ አልተመለሰችም። ገበያው ውስጥ ማንም "ቲቸር" ብሎ አልጠራትም። ባጃጅ ነጂው ባያት ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር። ዘርፉን ግን አንድ ቀን አየሁት፤ ባጃጁ ውስጥ፣ መስታወቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እንደ ማረከው ነገር ይሁን ወይስ እንደ ሌላ ነገር፣ ልጠይቀው አልደፈርሁም።

በተመለሰች ሰሞን ገሳዋን ከበሩ ጀርባ አወረደችው። አገላበጠችው። የተቀደደውን ቦታ በጣቷ ስትዳስስ ቆየችና ወደ እኛ ዞረች።

"ልጆቹ በምን ያውቁኛል?" አለች።

እናቴ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ መሬት።

ዛሬ መድኃኒቷን ከእንጅባራ የምወስድላት እኔ ነኝ። አብረን በሄድንበት ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ የነበረው ጥቁር ፌስታል እሱ ነው፤ ምሳ መስሎሽ ነበር። በደረስሁ ቁጥር አክስቴ በረንዳው ላይ ሆና ትጠብቀኛለች። ሰላም አትለኝም። ስሜን ከእነ አባቴ ትጠራለች፣ መጨረሻውን አንሥታ። "አለሁ" እላለሁ። ቀስ ካልሁ ትጠብቃለች። "ድምፅሽን።" ከቀድሞው ነገሯ ሁሉ የቀረላት ይህ ብቻ ነው፤ የሌሎቹ ልጆች ስም አንድ በአንድ ከእሷ ሄዷል።

ባለፈው ሳምንት አንቺ መንገድ ላይ ወርደሽ ከሄድሽ በኋላ ዝናቡ በረታ። ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ነበረች፣ ጋቢዋን ለብሳ። ፊት ለፊቷ ቆምሁ። አየችኝ። አልጠራችኝም። ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ የሆነ ነገር ፈለገ፣ አላገኘም። ወደ ዝናቡ ተመለከተች። እናቴ ከውስጥ "ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል? በሰበስሽ እኮ!" ትላለች። እኔ ቆየሁ። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ አንገቴ ላይ ይገባል። ክፍል ውስጥ አደርግ እንደነበረው ተራዬን ጠበቅሁ፤ ተራዬ አልመጣም።

"አለሁ" አልኋት።

ትንሽ ቆይቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምሁት።